የፈለቀች ድምፅ

«በሠልስቷ ቀን ፊልም? ከሊል፣ አንተ ሰው ጤና የለህም!» አለች የሟቿ ጎረቤት አደሴ።

ከሊል የተሸከመውን አሮጌ የካሴት ማጫወቻ በቴሌቪዥኑ አጠገብ በቀስታ አኖረ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አቃቂ ገበያ ዳር ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ሟቿ ፈለቀች የተወነችበትን አስፈሪ ፊልም ለሰፈሩ ያሳየው እርሱ ነው።

«ፊልሙን ብዬ አይደለም፤ ድምፃቸውን ነው። ከመሞታቸው በፊት ሰባት ዓመት ሙሉ አንደበታቸው ተይዞ ነበር። በየስልኩ የተቀረፁት ምስሎቻቸው ሁሉ ዝም ያሉ ናቸው። የእኔ ቅጂ ቤቱ ሲፈርስ ጠፋ፤ የቀረው የእናንተ ብቻ ነው። አቻምዬ፣ እስቲ ካሴቷን አምጪልኝ።»

የሟች ልጅ አቻምየለሽ ከፍራሹ አልተነሣችም። «ጠፍቷል፣ ጋሼ ከሊል» አለች።

«ወይ ያ ፊልም!» አለች አደሴ። «ወር ሙሉ ማታ ሽንት ቤት የምሄደው ባሌን አስከትዬ ነበር። ጠዋት ደግሞ ቡና ልጠጣ እሷው ዘንድ!» ከሐዘንተኞቹ መካከል የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

ፈለቀች ከክር ፋብሪካ ጡረታ በወጣች ማግስት፣ በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምታብድ አሮጊት ሆና ተወነች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች ሲያዩዋት ይሸሹ ጀመር። እርሷ ግን «በደንብ ሠርቼዋለሁ ማለት ነው» እያለች ትኮራበት ነበር። ልጇ አፈረችበት። በዓመቱ ስትዳር፣ የባሏ ዘመዶች የእብድ ልጅ እንዳይሏት ፈርታ፣ እናቷን ከጓዳ እንዳትወጣ ለመነቻት። ሠርጉን ለሚቀርፀው ሰው ባዶ ነው ብላ የሰጠችውም የፊልሙን ካሴት ነበር፤ ሌላ እንዳይቀረፅበት ተብሎ የተሰበረችውን የካሴቱን ጥርስ፣ መቅረጽ እንዲችል፣ በገዛ እጇ በፕላስተር ሸፍና። እናቷ ስለ ካሴቱ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀቻት። «ጠፋ» አለቻት። «ይሁን» አለች ፈለቀች፤ ዳግመኛም አላነሣችውም።

አቻምየለሽ ድንገት ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ አንድ ካሴት አወጣች።

ከሊል በካሴቱ ጀርባ የተጻፈውን አነበበ። «ይሄ እኮ ሠርግሽ ነው።»

«ከሥሩ እሷ ነበረች» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

ከሊል ካሴቱን አስገባ። አቻምየለሽ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክካ ሠርጉን በሩጫ አሳለፈችው፤ ምናልባት እናቷ በአንዱ ጥግ ብታልፍ ብላ። ኬክ፣ ጭፈራ፣ ጉርሻ፣ የባሏ አክስቶች። እናቷ የለችም።

«ታዝዛኛለች!» ብላ ጮኸች። «ከጓዳ አልወጣችም! አንዴ እንኳ አልወጣችም!»

አደሴ ልታነሣት ክንዷን ያዘች። «በቃ የእኔ ልጅ፣ በቃሽ።»

«ተዪኝ!»

ያን ጊዜ ሠርጉ ተቆረጠ። ጥቂት ነጭ ፍንጣቂ አለፈና ሌላ ቤት፣ ሌላ ብርሃን መጣ።

«ሠርጉ ከፊልሙ ያጥራል» አለ ከሊል በሹክሹክታ። «መጨረሻው ተርፏል።»

ፈለቀች ፀጉሯ ተበትኖ፣ ጆሮዋን ከበሩ ሳንቃ አስጠግታ ተቀምጣለች።

«ማነሽ?» አለች። ድምፁ ሻካራና ሙቅ፣ የራሷ ነበር። አደሴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከበሩ ማዶ መልስ አልመጣም። ሥዕሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሰው ከሆንሽ አንኳኪ። እከፍትልሻለሁ።»

አቻምየለሽ እንደተንበረከከች የጣቷን አንጓ አጠፈች፤ የቴሌቪዥኑንም መስታወት ሁለት ጊዜ፣ በቀስታ፣ መታች።