ለሙት የተሰጠ ፍም

ሰው የሚመስለው እምቢታ ጠላት የሚያፈራ፣ እሺታ ደግሞ የሚያፋቅር ነው። ውሸት! እምቢ ማለት ማንን ገደለ? የሚገድለውስ እሺ ነው። ካላመናችሁ የሀረገወይንን ጉድ ስሙ።

ሀረገወይን ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ትጠብቅ ነበር። ሥራው አይከብድም፤ የሚያደክማት መንገዱ ነው። ከኦክላንድ በባርት ባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከፍሪሞንት ደግሞ በባስ ትሄዳለች። ሽማግሌው ፓንዲት ሻምቡናት ይባላሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ከካሽሚር፣ ከስሪናጋር ከተማ ተሰደው የመጡ። እሷ "አባባ" ትላቸዋለች፣ እሳቸው "ልጄ" ይሏታል። የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው የክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ እሷ ካርቱም ላይ በስደት የለቃቀመችውን።

የቀጠራት ልጃቸው ራቪ ነው፤ ሳንታ ክላራ የኮምፒውተር ኢንጂነር። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ትእዛዝ ሰጣት። "ምሳቸውን በሰዓቱ ስጫቸው። ሁለተኛ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እሳት አይነድም። ቢለምኑሽም፣ ቢያለቅሱም አይነድም!"

ያለምክንያት አላለም። አባቱ ከዚያ ሁሉ ንብረታቸው መርጠው ያመጡት ካንግሪ ነበር። ካንግሪ ማለት በአኻያ ቀንበጥ ቅርጫት ውስጥ የተቀመጠች የሸክላ ማሰሮ ናት። ፍም ይሞላባትና የስሪናጋር ሰው ክረምቱን ሙሉ በሰፊ ካባው ውስጥ ሆዱ ላይ ታቅፏት ይዞራል። አስተማሪው ታቅፏት ያስተምራል፣ ዳኛው ታቅፏት ይፈርዳል።

"እኛ ከተማ መንገድ ላይ እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ካየሽ እንግዳ ነው" አሏት አንድ ቀን፣ ባዶዋን ማሰሮ በሻሽ እየወለወሉ። "የእኛ ሰው ክንዱን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ነው የሚሄደው።"

ስለ ከተማቸው ማውራት ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ወንዙ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሰባት የእንጨት ድልድይ አለበት። እሳቸው ከሁለተኛው ድልድይ አጠገብ ነበሩ። ዳቦ ጋጋሪው ከጎህ በፊት ይነሳል፤ ሰፈርተኛው እጁን እፍ እፍ እያለ ተሰልፎ ትኩሱን ዳቦ በጨው ሻይ ይበላል። የቤቱ ጣሪያ አፈር ስለሆነ በጸደይ አበባ ያበቅላል። መስኮቱ ደግሞ ከእንጨት ፍልጥ እንደ ወንፊት የተሠራ ነው፤ ብርሃኑም ነፋሱም ያልፍበታል። "ቤቶቻችን ይተነፍሳሉ" ይሏታል። ለዚህ ነው መሰል የመኝታ ክፍላቸውን መስኮት ሁልጊዜ አንድ ጣት ያህል ከፍተው የሚተዉት። ሀረገወይን ደግሞ ነፋስ ሰው ይገድላል ብላ ያደገች ናት፤ ትዘጋዋለች። እሳቸው ይከፍቱታል፣ እሷ ትዘጋዋለች። በዚህ ብቻ ነበር የሚጣሉት።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ያ ከተማ ታመሰ። ጥይት መጣ፣ ጩኸት መጣ። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ኮሽላ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤታቸው ለሻል ጥልፍ ሠሪው ሰጥተው በጭነት መኪና ወጡ። ጎረቤትየው ሌላ ሃይማኖት ያለው ሰው ነው፤ ቁልፉን ሲቀበል እንደ ሕፃን አለቀሰ አሉ። ኮሽላ ቆላ ውስጥ፣ በስደተኛ ድንኳን፣ በሰኔ ሙቀት ሞተች።

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እንዳለፈ ሽማግሌው ሀረገወይንን አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ሰኞ የእኛ በዓል ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት ካንግሪ ፍም ሞልቶ በሙቱ ስም ለካህን ይሰጣል። ካህኑ በሁለት እጁ ይቀበልና ከነፍሙ ከደጃፉ ይወጣል። ያን ጊዜ ሙቱ ይሞቀዋል። እዚህ ካህን የለኝም። አንቺ ተቀበይልኝ።"

"አባባ፣ እሳቸው እኮ በሙቀት ነው የሞቱት" አለች።

"አውቃለሁ። ግን በሕልሜ እየመጣች እጇን ትዘረጋልኛለች። እጇ በረዶ ነው።"

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ዓይናቸውን አየችና ይሉኝታ ያዛት። "እሺ" አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለወይንሸት ነገረቻት። ወይንሸት ሥራውን ያገኘችላት ጓደኛዋ ናት፤ ምላሷ አይያዝም።

"አብደሻል? የሙት ነገር፣ ያውም የሌላ እምነት! ከእጃቸው ተቀብለሽ ደጃፍ ከተሻገርሽ በቃ፣ ሥርዓታቸውን ፈጸምሽ ማለት ነው! ደግሞ ልጁ ኖ ፋየር ብሎሻል፣ ካወቀ ከሥራ ፋየር የሚያደርገው አንቺን ነው። በግልጽ ሶሪ በያቸው!"

"እንዴት ብዬ? ዓመት ሙሉ ያለቀሱ ሰው ናቸው እኮ።"

"እንግዲያው ጉድሽን ቻይ!"

ሰኞ፣ በእኛ ጥር ስድስት፣ ሳር ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር። ሀረገወይን ከሰሉን ከፎቁ በረንዳ ላይ አቀጣጠለችው። ስለ ከሰል የሚነግራት ሰው አያስፈልግም። ልጅ ሳለች ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አዲስ ተጋቢዎች በከሰል አድረው በማግስቱ ሬሳቸው ወጥቷል። "ሳይነድ አስገብተውት ነው" አለ ሰፈሩ። ከሰል ውጭ ቀልቶ፣ አመድ ከለበሰ በኋላ ክፋቱ ያልቃል፤ እናቷ እንዲህ ነው ያስተማረቻት። እሷም በዚህ ታምናለች።

"ጢም አድርጊው፤ የሙት ነው፣ አይጎደልበትም" አሉ ሽማግሌው ከኋላዋ።

ማሰሮዋን ግንባራቸው አጠገብ አድርሰው የኮሽላን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች።

"ወሰድሽልኝ?"

"ወሰድኩልዎ፣ አባባ።"

አለቀሱ። ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ።

ሀረገወይን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ማሰሮዋ ሆዷን ታሞቃታለች፤ ልቧ ግን ፈርቷል። የበሩ መድረክ አራት እርምጃ ነው፤ ከተሻገረችው ወይንሸት ያለችው ሆነ። በረንዳው ላይ ብታስቀምጠው ሽማግሌው ያዩታል። ምን ይዋጣት? ውሃው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተዘጋ። በጥድፊያ መኝታ ክፍላቸው ገባችና ማሰሮዋን አልጋው ሥር ወደ ግድግዳው ገፋቻት። 'አመድ ለብሷል፣ እዚያው ይሙት። እስከዚያም ያሞቃቸዋል' አለች ለራሷ። ዞር ስትል መስኮቱ አንድ ጣት ያህል ክፍት ነው፤ ብርዱ እንደ መርፌ ይገባል። ቀረቀረችው። በፍቅር ነው የቀረቀረችው፣ ይሄን ማንም እንዳይክዳት።

ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ ክንዶቿን ሆዷ ላይ አጣጠፈች። የታቀፈች መሰለች። ሽማግሌው ከመታጠቢያ ቤት ወጥተው እንዲያ አዩአትና ፊታቸው በራ።

"የእኛን ከተማ ሰው መሰልሽ! ቀስ በይ ልጄ፣ እንዳያቃጥልሽ።"

"እሺ አባባ። ምሳዎን በልተዋል፣ አሁን ይተኙ።" ባዶ ክንዷን ታቅፋ ከደጃፉ ወጣች።

ባሱ ውስጥ እጇ ቀዘቀዛት። ኃጢአቱን አምልጫለሁ ብላ ልትጽናና ፈለገች፤ ግን አልሆነላትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፣ እሷ ግን ጠርጥራለች፤ ምኑን እንደጠረጠረች ነው ያላወቀችው። ፍሪሞንት ሊደርሱ ሲሉ የተክለ ሃይማኖቱ ቤት ትዝ አላት። ሰፈርተኛው ስለ ከሰሉ ያወራል እንጂ እሷ በዓይኗ ያየችው ሌላ ነበር። የሙሽራው እናት ደረቷን እየደቃች "ውጭ አንድጄ፣ አቅልቼ ነው የሰጠኋቸው!" ትል ነበር። አንድ ጎረቤት ደግሞ ከመስኮቱ ስንጥቅ የተወተፈ ጨርቅ እየመዘዘ ያወጣ ነበር።

"ወይኔ ጉዴ! መስኮቱ!"

ከባሱ ዘላ ወርዳ የሕዝብ ስልክ ያዘች። ሽማግሌው ከከተማቸው ወሬ ስለሚጠብቁ ስልክ ሁለቴ ሳይጮህ ያነሳሉ። ሦስት ጊዜ ጮኸ። አሥር ጊዜ ጮኸ። ሃያ ሲሞላ ቆጠራውን ተወችው። ናይን ዋን ዋን ደውላ አድራሻውን እያለቀሰች ነገረቻቸው፤ እሷም በመጀመሪያው ባስ ተመለሰች።

ስትደርስ በሩ ተበርግዷል፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ጉንጫቸው እንደ ሕፃን ቀልቷል። በጠበቀቻቸው አራት ወር ውስጥ እንዲህ አምሮባቸው አይታ አታውቅም። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አልፈዋል ሲል ራሱን ነቀነቀላት፤ ሀረገወይን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ራቪ ከሥራው በሮ መጣ። አባቱ ግንባር ላይ እጁን ጫነ። ከዚያ በረንዳው ላይ ውሃ የተደፋባትን ማሰሮ አየ።

"ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አባዬ ቢሮዬ ደወለልኝ" አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ቢሮ ደውሎልኝ አያውቅም። እየሳቀ ነበር። 'እንዳትቆጣ፣ እሳት ነድዶ ነበር፤ አሁን ግን ከቤት ወጥቷል። ልጄ ወሰደችልኝ። እናትህ ሞቃለች፣ እኔም ልተኛ' አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።" ወደ እሷ ዞረ። "ከወሰድሽው ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?"

ሌላ ነበራቸው ብትል ማን ያውቃል? ራሳቸው አነደዱት ብትልስ? ያ ይሉኝታ እንደገና መጣባት፤ ይሄ ልጅ ምን ይለኛል አለች። እሳቸው ግን ልጄ ብለዋታል።

"አልወሰድኩትም" አለች። "በአፌ እሺ ብዬ አልጋቸው ሥር ደበቅኩት። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዋሸኋቸው።"

ራቪ በረንዳው ላይ ወጣ፣ ማሰሮዋን አነሳ፣ ውሃውን አንጠፈጠፈና በሁለት እጁ ዘረጋላት።

"ውሰጂው።"

በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ካፖርቷ ውስጥ ሆዷ ላይ ታቀፈቻት፣ ከደጃፉም ወጣች። ማሰሮዋ በርዳ ነበር።