በሐይቁ ላይ የቀረችው የመጨረሻ ጎጆ

ባሌ ቨርሊን የልጅነት ጓደኛውን ድዌይንን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያገኘው በየካቲት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እንዲያው የሚሆን ነገር የለም። ማንኪያ ከወደቀ ምልክት ነው። ቁራ ከጮኸ ምልክት ነው። ድዌይን የእኛን ሚኒሶታ ትቶ አሪዞና በረሃ ሲኖር፣ ድንጋይ በመዳፉ ይዞ ከተራራ ጋር ማውራት ተምሯል። ሦስት ሚስቶቹ ሻንጣቸውን ሲያሰናዱ ግን አንድም ምልክት አልታየውም።

ይሁን፣ ሰው ደስ ያለውን ይመን። እኔን ያናደደኝ የበረዶው ጉዳይ ነው። ብርዱ ሲጠና ሐይቃችን በረዶ ሠርቶ ይጠጥራል፤ ወንዶቹም በረዶውን ሸንቁረው ዓሣ የሚያጠምዱባቸውን ጎጆዎች በመኪና ጎትተው እላዩ ላይ ይተክላሉ። መጋቢት ሲገባ ደግሞ በረዶው ሳይቀልጥ ጎትቶ ማውጣት ነው። ቨርሊን በረዶውን በብረት ዘንግ እየወጋ ውፍረቱን በድምፁ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ እሱን ሳይጠይቅ አይረግጠውም። ዘንድሮ ዘንጉ ጋራዥ ውስጥ ተጋድሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎጆው ውስጥ ተቀምጠው የመውጫቸውን ቀን ከሰማይ ይጠብቃሉ።

በረዶው ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩም ውሃ አቁሯል። የሰው ጎጆ ሁሉ ወጥቶ የእኛ ብቻ ቀርታለች። ባሌ ይሰምጥብኛል ብዬ ፈራሁ።

ታዲያ ነገርኩት? የለም። እኛ ዘንድ ሰውን በቀጥታ እንዲህ አድርግ ማለት ነውር ነው። የማይነሳ እንግዳ ሲገጥመን እንኳ ጉልበታችንን መታ አድርገን «እንግዲህ…» እንላለን፤ ያልገባው ይደር። እናም ቁርስ ላይ ወጉን ጠብቄ ጀመርኩ።

«ሊንድኲስቶች ጎጆአቸውን አወጡ አሉ» አልኩት፣ ጎረቤቶቻችንን ጠቅሼ።

«አዎ፣ አወጡ።»

«ዘንድሮ ሙቀቱ ቶሎ መጣ።»

«ቶሎ ነው የመጣው» አለና ዳቦው ላይ ቅቤ ቀባ።

ከዚህ በላይ ምን ልበለው? ድስት አንኳኳሁ፣ በር ወርውሬ ዘጋሁ። መጥቶ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ድዌይን ሊወስደው መጣ።

«አርዲስ፣ ትናንት ንስር ጎጆአችን ላይ ሁለቴ ዞረ» አለኝ። «ቆዩ ማለቱ ነው።»

«የሞተ ዓሣ አይቶ ይሆናላ።»

«አንቺ እኮ ልብሽ ዝግ ነው።»

«የአንተ ደግሞ መዝጊያም የለው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይገባበታል።»

ቨርሊን ሳቀና ኮቱን ለብሶ ወጣ። መኪናቸው በረዶው ላይ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ጥቂት ቆይቶ ሐይቁ ጓ አለ። በረዶው እየተሰነጠቀ ነው።

ዘንጉን አንስቼ ሄድኩ። ዘጠና ኪሎ የምመዝን ሴት ነኝ፤ በየእርምጃው እየወጋሁ ነው የሄድኩት። አንድ ቦታ ዘንጉ ሰርስሮ ገባና ውሃ ፈለቀ። ዞሬ አለፍኩ። በሩን ስከፍት ድዌይን ድንጋዩን ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ቨርሊን መንጠቆውን ይዟል።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ባሌ።

«ቀኑ ደስ ይላል» አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ እዚያም ሆኜ እንዲያ አልኩ።

«አዎ፣ ደስ ይላል።»

ይኼኔ እንባዬ መጣ። «ትሞትብኛለህ ብዬ ፈርቻለሁ» አልኩት። «ያላንተ መኖር አልችልም። ተነስና ቤትህ ግባ።»

በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ አያውቅም። የቨርሊን ጆሮ ቀላ።

ድዌይን ዓይኑን ገለጠ። «ይኸውላችሁ፣ ምልክቱ—»

«ድዌይን፣ ዝም በል» አለው ባሌ፣ ክሩን እየጠቀለለ።

መኪናዋንም ጎጆዋንም ትተን በእግር ወጣን። በሳሳ በረዶ ላይ ተቀራርቦ መሄድ የለም፤ እኔ ፊት፣ ቨርሊን አሥር እርምጃ ከኋላዬ፣ ድዌይን ከእሱ ኋላ። መንገድ ላይ ቨርሊን ጮክ ብሎ ተናገረኝ።

«እንደሳሳ ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ!»

ቆሜ ዞርኩ። «ታዲያ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ወንዶቹን ሁሉ ሚስቶቻቸው መጥተው ጠሯቸው» አለ። «አንቺ ስለ ሊንድኲስቶች ታወሪያለሽ። ብመለስም ባልመለስም ግድ የማይሰጥሽ መስሎኝ ነበር።»

ሮጬ ላቅፈው አማረኝ። በረዶው ግን ሁለት ሰው አንድ ላይ አይሸከምም። አሥር እርምጃ ርቄ እንደቆምኩ፣ «ና» አልኩት።