ጉሮሮ የደረሰው ጠብታ

የሞጣው ልብስ ሰፊ ሐምዱ ግራ ዓይናቸው በትራኮማ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም ሊከተል ሲል አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች የተበላሸውን ብሌን አወጡና ሰው ሠራሽ ብሌን አስገቡላቸው። ይኸው ስምንት ወሩ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ጀምረዋል። ሐኪሙ ሲሸኛቸው ዓይኑ እንዳያመረቅዝ ጠብታው በቀን አራት ጊዜ እንዲደረግ፣ ዕድሜ ልክም እንዳይቋረጥ አስጠንቅቆ ነበር። ቢቸና መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ሐናን ጠብታውን በየወሩ በአውቶቡስ ትልክላቸዋለች።

ረመዳን በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን «ትንሽ ጭጋግ ጋረደኝ» ብለው ደወሉ። በማግስቱ በማለዳው ሚኒባስ ሞጣ ገባች። በስልኳ መብራት ስታየው ዓይኑ ደም መስሏል፤ በብሌኑ ዙሪያም ነጭ ነገር ቋጥሯል።

«ጠብታውን አቋርጠዋል?»

«ወላሂ አንዲት አላጎደልሁም። ማታ ከመግሪብ በኋላ አራቱንም አደርጋለሁ።»

«ባንዴ?»

«ታዲያስ? ቀን ሳደርገው ጉሮሮዬ ድረስ ይመረኛል። መድኃኒት እየዋጥሁ ልጹም?»

«ኢማሙን አይጠይቁም ነበር?»

«ለአንድ ዓይን ብዬ ሰውዬውን ላስቸግር? ሌላውም ቢኖር አንድ ነገር ነው» ብለው ሳቁ።

ሐናን አልሳቀችም። ከጠብታው በኋላ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ጥቂት ጫን ቢያደርጉት ጉሮሮ እንደማይደርስ ለደንበኛ ሁሉ በመስኮት ትናገራለች። ለአባቷ ግን ካርቶኑ ላይ «በቀን 4 ጊዜ» ብላ ብቻ ጽፋ ነበር የምትልከው።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በስልክ ሰማትና ዓይኑ ውስጥ መርፌ ካልተወጉ እንደማይሆን፣ ቢዘገይ እስከ ነገ ባሕር ዳር እንዲያደርሷቸው ነገራት። እስከዚያ ጠብታው በየሰዓቱ ይሁን አለ። እሷን ያመጣው ሚኒባስ ከገባ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ባሕር ዳርም ወደ ቢቸናም ተዘግቷል። መናኸሪያ ሄዳ ስትጠይቅ አንዱ ሾፌር «ሰኞ ይከፈታል ይላሉ» አላት።

«ማን ነው የሚለው?»

«እኔም ከሰው ነው የሰማሁት፣ እቴ።»

ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ያን ቀን በር ላይ ቆማ ያሳየቻቸውን ጣት ቆጠሩ። ዓርብ ጠዋት ከክንድ ርቀት ነው የቆጠሩት። ከቀትር በኋላ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ አሁንስ ስንት ነው?»

ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

«ሦስት» አሉ።

እጇን ገና አላነሣችም ነበር። ሰዓቷን አየች፤ ለሚቀጥለው ጠብታ ሃያ ደቂቃ ይቀራል።