የኤልዳና ዎከር

ዎከሩ፣ የሕፃን መራመጃው፣ ከቤት በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ አስናቀ ልጁ ኤልዳና መጀመሪያ የተራመደችበትን ቀን ከጭንቅላቱ ውስጥ አጣው። ረሳው ማለት አይደለም። የረሳ ሰው ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ፣ "ቆይ እስኪ" ብሎ፣ ትንሽ ሲቆይ ትዝ ይለዋል። የእሱ እንዲያ አልነበረም። ቁም ሳጥን ሲነሣ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ምልክት እንደሚቀር፣ የነገሩ ቦታ አለ፤ ነገሩ ግን የለም።

አስናቀ ደግሞ ነገር የሚጠፋበት ሰው አይደለም። በአንድ የመድን ድርጅት መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ አንድ ፋይል አልጠፋበትም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ስለዚህ ያን ዕለት እራት ላይ የዘጠኝ ዓመቷ ኤልዳና እንደ ልማዷ "አባዬ፣ የእኔን ንገረኝ" ስትለው አፉን ከፍቶ መቅረቱ ራሱንም ገረመው።

"የእኔን ንገረኝ" የቤቱ ሕግ ነበር። ኤልዳና ሕፃን ሳለች ያደረገችው አንድ ነገር ካልተነገራት እህል አትቀምስም፤ አፏን ግጥም አድርጋ ትጠብቃለች። ከሁሉ የምትወደው የመጀመሪያ እርምጃዋን ነው። በቃሏ ስለምታውቀው አንዲት ቃል ከተዘለለች ታርማለች፤ አስናቀም እንድታርመው ብሎ ሆን ብሎ ይዘል ነበር።

"ከየት ተነሣሁ?" አለችው።

"ከ... አንድ ቦታ ተነሣሽ።"

"ወዴት ሄድኩ?"

"ወደ ሌላ ቦታ።"

ኤልዳና አባቷን ትክ ብላ አየችው። አስናቀ ደግሞ ሚስቱን የኔነሽን አየ። የኔነሽ ወጥ እየጨለፈች "እኔም የለኝም" አለች። "ከትናንት ጀምሮ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አንተ ጋ ይኖራል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ነገሩ የተገለጠው በማግስቱ፣ ደረጃው ላይ ነው። ከእነሱ ሥር ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ትርሲት የአምስት ወር ወንድ ልጇን አዝላ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ዎከሩን የሰጡት ለእሷ ነው።

"የኤልዳና አባት፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። "ዎከሩ ግሩም ነው። ከፍሪጁ ተነሥታ እስከ ሶፋው ድረስ በእግሯ ስትሄድ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንድ እግሯ ላይ ብቻ ቢጫ ካልሲ አድርጋ። ሶፋውን ይዛ ዞር ብላ ስትስቅብኝ እንባዬ ነው የመጣው።"

"ማናት የሄደችው?"

"ኤልዳና ናታ።"

"መቼ?"

"የዛሬ ስምንት ዓመት ነዋ። እሑድ ቀን።"

ትርሲት ወደ ብሎኩ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አስናቀ ይህን ሊነግራት አሰበና፣ የሕፃኑን ጉንጭ ነካ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

ማታ ባልና ሚስቱ ቁጭ ብለው የቀረውን አጣሩ። ኤልዳና ሙሉ ሌሊት ሳትነቃ ያደረችበት የመጀመሪያ ቀን የለም፤ ከሕፃን አልጋው ጋር ሁለተኛ ፎቅ ወርዷል። ውሃ መፍራቷ ከገላ ማጠቢያው ሳፋ ጋር ሄዷል። በቤቱ የቀረው ጋሪው ብቻ ነው፤ እሱን የሚፈልግ አልተገኘም። ጋሪው ጣራ ያለው፣ የጡጦ ማስቀመጫ ያለው፣ በአንድ እጅ የሚታጠፍ፣ ሻጩ "ያለዚህ ልጅ አያድግም" ብሎ የማለበት ነበር። ሊፍት ከሌለው አራተኛ ፎቅ ተሸክመው አወረዱት፣ ኮብልስቶኑ ላይ ገፉት፣ ልጅቷ አስመለሳት፤ ከዚያ ወዲያ ድንችና ጀሪካን ሲያመላልስ ኖረ። ስለዚህ ጋሪው ያቆየላቸው ትዝታ ጥርት ያለ ነው። ውሃ የጠፋባቸውን አሥራ አንድ ቀን ከነሰዓቱ ያስታውሳሉ።

አስናቀ ለብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለጋሽ ተካልኝ አመለከተ። ጋሽ ተካልኝ በጽሞና አዳመጡት።

"ትዝታው ከዕቃው ጋር ነው የሚሄደው" አሉት። "ይሄ የታወቀ ነው። ሰው አያስተውለውም እንጂ።"

"እንግዲያው ዎከሩን ያስመልሱልኝ።"

ጋሽ ተካልኝ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለሕፃን የሰጠኸውን?"

"አዎ።"

"አስናቀ፣ ይህን ከአንተ አልጠብቅም።"

አስናቀ አፈረ። ጋሽ ተካልኝ እውነታቸውን ነው። ለሕፃን ተብሎ ተመርቆ የተሰጠ ዕቃ መልሱልኝ አይባልም፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ። ብሎኩ ውስጥ የሰው ድስት ወስደው የካዱ አሉ፤ የሕፃን ዕቃ የጠየቀ ግን የለም። "ባለቤትህ ደግማ ካረገዘች ሌላ ነገር ነው" አሉት ሲሸኙት። "ያኔ ሳትጠይቅ ይመጣልሃል።"

እስከዚህ ድረስ ሊታገሡት ይቻል ነበር። አስናቀን ያቃጠለው ሌላ ነው። ኤልዳና እራቷን ከታች መብላት ጀመረች። መጀመሪያ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በኋላ በየቀኑ ወረደች። አንድ ቀን "ዛሬ እንኳ እዚህ ብትበዪ ምናለበት?" ሲላት፣ ጫማዋን እያሰረች "ትርሲት ነች በደንብ የምታውቀኝ" አለችው። "አንተ ስለ እኔ ምንም የለህም፣ አባዬ።"

በክፋት አይደለም የተናገረችው። ልጅቷ ያለውን ነው ያለችው። አስናቀ ሰሐኑ ላይ አቀርቅሮ በወለሉ ውስጥ ሳቋን ሲሰማ ልጁን የተቀማ ያህል አመመው፤ የኔነሽም አየችው።

"እርጉዝ ነኝ ልበላ" አለች።

"ከዚያስ?"

"ዕቃው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናስብበታለን።"

የኔነሽ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ለአንዲት ሴት ብቻ፣ "ለማንም እንዳትነግሪ" ብላ ነገረች። ይህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዎከሩ በራቸው ላይ ቆሞ ነበር። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አለች ትርሲት፣ የኔነሽን አቅፋ እየሳመች። አልጋውም ሳፋውም ተከተሉ።

ባልና ሚስቱ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። የብሎኩ ሰው ደግ ነው። የእነሱን መልሶ ብቻ ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን ጨመረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤቱ ዘጠኝ ዎከር፣ አምስት አልጋ፣ ሰባት ሳፋ፣ የድድ ማሳከኪያ በፌስታል ሙሉ፣ እና አሁንም ምን እንደሚሠራበት ያልታወቀ አንድ የጡጦ ማሞቂያ ገባበት። ከዕቃው ጋር ትዝታው ገባ። አስናቀ በሥራ ቦታው ፋይል እያገላበጠ ሳለ፣ ማንነቱን የማያውቀው ሕፃን በክርስትናው ዕለት የቄሱን ጣት ሲነክስ ትዝ አለውና ብቻውን ሳቀ።

ዕቃቸውን ያመጡት ጎረቤቶች ፊታቸው ወዝ አገኘ። ለቅሶው፣ ትኩሳቱ፣ ሌት ተቀን መነሣቱ ከጭንቅላታቸው ወጥቷል። "የእኛ ልጅ እኮ አልቅሶም አያውቅ" ይባባሉ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ በብሎኩ ውስጥ አራት ሴቶች የእውነት አረገዙ።

ትርሲት የቀራት ትዝታ ስላልነበረ ኤልዳና ወደ ቤቷ ተመለሰች። እራት ቀረበ። "የእኔን ንገረኝ" አለች።

አስናቀ ተዘጋጅቶ ነበር። "ከፍሪጁ ተነሥተሽ እስከ ሶፋው ሄድሽ" አለ። ከዚያ ቆመ። ሌላም ልጅ ከፍሪጁ ተነሥቶ ወደ ሶፋው ሲሄድ ታየው። ሌላም። ኮንዶሚኒየም ሁሉ አንድ ነው፤ ፍሪጁ እዚያ፣ ሶፋው እዚህ፣ በመካከሉ ሁለት ሜትር። ሌላ የሚኬድበት ቦታ ስለሌለ የብሎኩ ልጆች በሙሉ የተራመዱት እዚያው ላይ ነው።

"አንድ ቢጫ ካልሲ ነበረኝ" አለች ልታግዘው።

ካልሲውም የብሎኩ ነው። ስድስት ሕፃን አድርጎታል፤ ሁሉም አንዱን ጥሎታል።

"ከእነዚህ አንዷ አንቺ ነሽ" አላት። "የትኛዋ እንደሆንሽ ግን አላውቅም።"

አስናቀ ከሥራ ወረቀት አምጥቶ ለእያንዳንዱ እርምጃ ፋይል ከፈተ። ዎከሮቹም ከአንድ ሱቅ የተገዙ ይመስል ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም ድምፁ የተዘጋ ዳክዬ ያላቸው ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይል ተደባለቀበት። ማታ ማታ ኤልዳና አፏን ገጥማ ትጠብቃለች፣ በመጨረሻ ከርሃብ የተነሣ ጥቂት ትጎርሳለች። ልጅቷ ከሳች።

የኔነሽ በበኩሏ በቀሚሷ ሥር የያዘችውን የሶፋ ትራስ በየወሩ ወፈር ባለ እየቀየረች ዘጠነኛው ወር ደረሰ። እሑድ የዕድር ስብሰባ ስላለ ኮሚቴው ቅዳሜ ቢወለድ ይሻላል ብሎ ወሰነ። ትርሲት ገንፎ የሚያገነፉትን ሴቶች መደበች።

"ቅዳሜ ምን ልናሳያቸው ነው?" አለ አስናቀ።

"እሱን ቅዳሜ እናየዋለን" አለች የኔነሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ኤልዳና ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ጥላ፣ ዎከሮቹን ሳሎን ውስጥ ደረደረቻቸው። ከማለዳ ማጠናከሪያ ትምህርት መመለሷ ነው።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ አስናቀ።

"ልለካቸው። የእኔ ከሆነ ልኬ ይሆናል።"

ሐሳቡ ትክክል መሰለው። የመጀመሪያው ላይ ጉልበቷ አላለፈም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው እንደዚያው። አምስተኛው ላይ አንድ እግሯን አስገባች፤ ሌላውንም አስገባች፤ ቁጭ አለች።

"ይሄ ነው" አለች። "አባዬ፣ አሁን ንገረኝ።"

አስናቀ ፊቷ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ መጣለት፤ እሑዱ፣ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ፣ የፍሪጁ እጀታ ላይ የነበረችው ትንሽ እጅ። አንድ በአንድ ነገራት። ሶፋው ጋ ሲደርስ እንደ ድሮው ሆን ብሎ ካልሲውን ዘለለና እስክታርመው ጠበቀ።

አላረመችውም። ቀና ብሎ አያት። ኤልዳና ሳቀችለት፤ አራት ጥርስ አላት። እግሮቿ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብለው ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ላይ ቢጫ ካልሲ አለ።

የኔነሽ ትራሱን አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው። "ኤልዱዬ" ብላ ጠራቻት፤ መልስ ስታጣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳ። ገንፎው በትልቅ ሳህን፣ ቂቤው በላዩ ቀልጦ፣ ጋሽ ተካልኝ ፊት ፊት ሆነው ገቡ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉ። እልልታው ቀለጠ። አስናቀ ቆጠረው፤ የሴት ነበር።

"እንዴት ያለች ቆንጆ ናት" አለች ትርሲት፣ ዎከሩን ዞራ እያየች። "አባቷን ቁርጥ። ስሟን ማን አላችኋት?"

"ኤልዳና" አለ አስናቀ።

"ጥሩ ስም ነው።" ዓይኗ ሶፋው ላይ ካለው የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ አረፈ። "ይህቺ እንግዲህ ለጊዜው አታስፈልጋችሁም። ከእኔ ጋር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ልውሰድላት?"

ለልጅ የተጠየቀ ዕቃ አይከለከልም። አስናቀ አፉ ቀድሞት "ውሰጂላት" አለ፤ መርቆም ሰጣት። ያደረገው ነገር የገባው ትርሲት ከወጣች በኋላ ነው። ቦርሳውን መልሺልኝ ብሎ ሊወርድ በሩን ከፈተ፤ ደረጃው ላይ ቆመ፤ መልሶ ዘጋው።

ሦስት ቀን እንዳለው ያውቅ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ ዎከሩን ወደ ገበታው አስጠግቶ፣ ለሕፃኗ ስለ ዘጠኝ ዓመቷ ነገራት፤ ካልነገሩኝ አልበላም ትል እንደነበር፣ ስህተት እንደምታርም፣ ዎከሮቹን ራሷ እንደደረደረች። ሕፃኗ እየሰማች በላች። በሁለተኛው ማታ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የነበረውን ነገራት፤ በላች።

በሦስተኛው ማታ አስናቀ በማንኪያ ገንፎ ይዞ አፏ ላይ አደረሰ። ሕፃኗ አፏን ግጥም አድርጋ ትክ ብላ አየችው። "ምን ሆነሻል፣ የኔ እናት?" አላት። ከወለሉ ሥር የትርሲት ድምፅ አንድ ነገር ይተርካል፤ አንዲት ትልቅ ልጅም ስህተት እያገኘች ታርማታለች። አስናቀ የማን ልጅ እንደሆነች አላወቃትም። ማንኪያውን እንደያዘ ጠበቀ። ሕፃኗም አፏን እንደገጠመች፣ አንድ ቢጫ ካልሲ ያለበትን እግሯን እያወዛወዘች፣ ጠበቀችው።