የዘር ድንች ቤት በር

ራቢያ ስሕተቱ የታያት በሩ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ወደ ውስጥ ገፋ ብታደርገው ክንድ የሚያሾልክ ያህል ተከፈተና ከመደርደሪያው ጋር ተላትሞ ቆመ።

ጓሮዋ ውስጥ ይህችን ትንሽ የእንጨት ቤት ያሠራችው ለዘር ድንች ነው። ከጋፋት የመጣው ዘር በጆንያ ደጅ ላይ ተቀምጧል። በጉና በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል። ዘር ከራሰ ይበሰብሳል፤ ከበሰበሰ የሚተከል የለም፤ የሚተከል ከሌለ... ሐሳቧ እዚህ ሲደርስ ልጇ ፈሪዳ የሚከፈልላት ጠፍቶ ከትምህርት ቤት ስትቀር በዓይነ ሕሊናዋ ታየቻት።

«መደርደሪያውን ስታስቀድሙ ሆዴ ፈርቶ ነበር» አለች ራቢያ።

«ያንቺ ሆድ ያልፈራው ምን አለ?» አለ ባሏ የሱፍ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ዛሬ ሱቁን ዘግቶ እንጨት ሲያቀብል ውሏል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

የሱፍ ወደ አናጺው ዞረ። «ጋሽ ሙላቴ፣ ወደ ውጭ እንዲከፈት ገልብጠው ቢሰቅሉትስ?»

ጋሽ ሙላቴ ሽማግሌ ጎረቤታቸው ናቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ወደ ውጭ የሚከፈት የሽንት ቤት በር ነው። በረከት ገፍቶ ነው የሚገባ።»

«ማጠፊያው ደጅ ከዋለም ሌባ ይፈታዋል» አለች ራቢያ።

«አየህ፣ እሷም ከኔ ጋር ናት።»

«መደርደሪያውን እናፍርሰው?» አለ የሱፍ።

«እሱን አፍርሶ መሥራት እስከ ነገ ያቆየናል» አሉ ጋሽ ሙላቴ።

ነፋሱ ጆንያዎቹ የተሸፈኑበትን ሸራ አነሳው። ራቢያ ሮጣ ድንጋይ ጫነችበት።

«ልብስ ቢሆን በጎኑ አሰፋው ነበር» አለ የሱፍ በሩን እየዳሰሰ።

ራቢያ የለበሰውን ኮት አየችው። ቁልፎቹ አልተቆለፉም፤ የፊቱ ሁለት ክፋይ ወዲያና ወዲህ ተንጠልጥሏል።

«እንግዲያው እንደ ኮትህ ይሁን። መሐል ለመሐል ይቆረጥ፤ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ይከፈት። ጠባብ ከሆነ መደርደሪያውን አይነካም። ይቻላል፣ ጋሽ ሙላቴ?»

ሽማግሌው የበሩን ወርድ በስንዝር ለኩ። «ክፉ ክፉውን ብቻ የምታስቢ ይመስለኝ ነበር» አሉና መጋዛቸውን አነሱ።

በሩን አውርደው ቆረጡት። ለሁለተኛው ክፋይ ከዕቃ ከረጢታቸው ማጠፊያ አወጡ። ሲሰቀሉ ሁለቱም ወደ ውስጥ ልቅቅ ብለው ተከፈቱ። የሱፍ ጆንያዎቹን እየተሸከመ አስገባ፤ ራቢያ ድንቹን በመደርደሪያው ላይ ስስ አድርጋ ዘረጋችው። የመጨረሻው ጆንያ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው።

ራቢያ አንጋጣ የሚያፈስ ቦታ ፈለገች። አጣች። ጥግ ጥጉንም በእጇ ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። አዲሱ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ምን እንደቀራት ለማስታወስ ሞከረችና ምንም አልመጣላት አለ፤ ይህ ራሱ ትንሽ አስፈራት፤ ከዚያ ግን ሳቀች።

«ነይ እንጂ፣ የመግሪብ ሶላት ደረሰ» አለ የሱፍ ከመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ።

ወጥታ ሁለቱን በሮች ሳበቻቸው። በበሮቹ ላይ ባሉት ቀለበቶች ሰንሰለት አሳልፋ ጓጉንቸር ቆለፈችበት። አንዴ ጎተተችው፤ ያዘ። ደግማ አልጎተተችውም።