በድንበሩ ወንዝ ላይ የተወጠረው መረብ

የዘይባን ላም የገደላት ፌስታል ነው። ሦስት ቀን ሆዷ ተነፍቶ ስታጣጥር ቆይታ ሞተች፤ የከብት ሐኪሙ ሆዷን ሲከፍተው የተጠቀለለ ፌስታል እንደ ልብስ ቋጠሮ ዱብ አለ።

ፌስታሉ ከየት እንደመጣ ማንም አያጣውም። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለውን የዘይባን መንደር ከወዲያኛው ዞን የሚለየው ወንዝ፣ በዘነበ ቁጥር ከሁለቱም ዳር የተጣለውን ሀይላንድና ፌስታል ጠራርጎ ግጦሹ ላይ ይበትነዋል።

ዘይባ ቀበሌ ሄዳ አመለከተች። ሊቀመንበሩ ሸምሶ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ቆሻሻው የማዶ ነው። የእኛ ወሰን ወንዙ ላይ ያበቃል» አላት።

ወንዙን ተሻግራ የማዶውን ቀበሌ ጠየቀች። «እናቴ፣ እርስዎ የእኛ ነዋሪ አይደሉም። ከዞንዎ ደብዳቤ ያጽፉ» አሏት።

«ላሜ ስትበላው ማን ደብዳቤ ጠየቃት!» ብላ በሩን በርግዳ ወጣች።

አዛለች የምትባል፣ ማዶ ዐሥር ዓመት ያስተማረች መምህር ጩኸቷን ሰምታ ተከተለቻት። «እኔም ተማሪዎቼ ከዚያ ውሃ እየጠጡ ሲታመሙብኝ ሰልችቶኛል። ምን ይሻላል፣ እትዬ?»

«ቆሻሻውን እንደ ዓሣ እናጥምደዋ!» አለች ዘይባ።

ከዝዋይ አሮጌ የዓሣ መረብ አስመጡ። ቅዳሜ ዕለት የሁለቱም ዳር ሴቶች ተሰብስበው ከወዲህ ዳር ዛፍ እስከ ማዶ ዛፍ ወንዙ ላይ ወጠሩት። የተያዘውን ሀይላንድ ለቆራሌው ለዩለት፤ ገበያም በዘንቢል እንጂ በፌስታል ላይገዙ ተማማሉ።

በሳምንቱ ሸምሶ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ ደረሰ። «ወሰን ላይ ያለ ፈቃድ ገመድ ማሰር ነገር ያመጣል። ፍቱት!»

ዘይባ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባችና ገመዱን ጨበጠች። «ሞክር! ግማሹ የታሰረው ማዶ ነው። ወሰኔ እዚህ ያበቃል ያልከው አንተ ነህ።»

ከማዶ አዛለችና ሴቶቹ ተከታትለው ገቡ። ከሚሊሻዎቹ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ሸምሶ እየተራገመ ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ ደራሽ ውሃ መረቡን ገነጠለው። ዘይባ ያን ቀን አለቀሰች። በማግስቱ ሴቶቹ የተረፈውን ጠግነው መልሰው ወጠሩት።

መስከረም ሲጠባ የሁለቱ ዞን ሹማምንት ካሜራ ይዘው መጡ። «የጋራ ሥራችን ነው» እያሉ መረቡ አጠገብ ተደረደሩ፤ ዘይባንም መሃላቸው እንድትቆም ጠሯት።

«ፎቶው ይቅርብኝ» አለች፤ ከወንዙ ሳትወጣ። «ገመዱ ሳስቷል። አዲስ ገመድ አምጡ፤ ጫማችሁንም አውልቁና ግቡ።»