ነገ ይሁን

የአዋላጇ ጉራ አይጣል ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ቤት ስትገባ ገና ከደጃፉ፣ "ወንድ የተባለ ሁሉ ይውጣልኝ!" ትላለች። ሁለቱን የማማጫ ጡቦች ጎን ለጎን ታስቀምጥና ወላዷን በየጡቡ አንዳንድ እግሯን አስረግጣ ቁጢጥ ታደርጋታለች፤ ከዚያ በኋላ ወላዷ የሹም ሚስትም ትሁን ልብስ አጣቢ፣ የሚሰማው የእሷ ቃል ብቻ ነው። የምታመልከው የእንቁራሪት ራስ ያላትን እንስት አምላክ ነበር። ለሕፃን ሁሉ ትንፋሽ የምትሰጠው ይህች አምላክ ናት ይባላል። ምጥ ቤት ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ከሞተች ግን ትንፋሹን ትነሳለች፣ ሕፃኑም ሬሳ ሆኖ ይወጣል። አዋላጇ ይህን ከእናቷ ሰምታ ለልጇም አስተምራ፣ አንድም ቀን ተጠራጥራው አታውቅም።

እንግዲህ ትንፋሽ ሰጪዋ ራሷ መጣች፤ ያውም አገር ምድሩን ሞልታ። በአገሩ በባርነት የሚገዛው ሕዝብ ሽማግሌ "ሕዝቤን ልቀቅ" ቢለው ንጉሡ አሻፈረኝ አለ፤ በዚህ የተነሳ መጀመሪያ ወንዙ ደም ሆነ፣ ቀጥሎ እንቁራሪቱ ከወንዙ እየዘለለ ወጣ። አልጋ ውስጥ ነው፣ ቡሃቃ ውስጥ ነው፣ ጫማ ውስጥ ነው። መግደል ደግሞ በሞት ያስቀጣል። የቤተ ጣዖቱ ዘበኛ ቤት ለቤት እየዞረ የሰዉን ውስጥ እግር ያገላብጣል፤ የረገጠ መሆኑን ካወቀ ጎትቶ ይወስዳል። ሰዉ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ መሄድ ለመደ።

የአዋላጇን አንድያ ልጅ ምጥ የጀመራት በዚህ መሃል ነው። ስንት ዓመት መካን ተብላ ስትታማ ኖራ ያገኘችው የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር።

ቀትር ላይ ባሏ ከቤተ መንግሥት እየሮጠ መጣ። የንጉሡን እልፍኝ የሚጠርግ ሰው ስለሆነ ወሬ አያመልጠውም።

"እማማ፣ ደስ ይበልዎት!" አላት አማቱን። "ንጉሡ እጁን ሰጠ። ሽማግሌውን አስጠርቶ 'ለምንልኝ፣ ይጥፉልኝ' አለው። ሽማግሌውም 'መቼ ይሁንልህ?' ብሎ ጠየቀው።"

"እሺ፣ መቼ አለ?"

"ነገ።"

"ነገ?"

"ነገ ይሁን አለ እኮ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

ጥርሱን የሚያመው ሰው ነገ ንቀሉልኝ ይላል? አልጋው ውስጥ እንቁራሪት እየተንጫጫ አንድ ሌሊት ልደርበት ያለው ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ምናልባት እስከዚያ በራሳቸው ይሄዱና ከውለታው እድናለሁ ብሎ ይሆናል። አዋላጇ ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"የኔ ዓለም፣ ቻይው" አለቻት ልጇን። "እስከ ነገ ብቻ። ነገ ጡቡ ላይ በሰላም ትቀመጫለሽ።"

ምጥ ቀጠሮ የሚያከብር ይመስል! ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እንሽርት ውሃው ፈሰሰ፣ ወዲያውም የሕፃኑ እግር ቀድሞ ብቅ አለ። አዋላጇ ደነገጠች። በእግሩ የሚመጣ ሲያጋጥማት እናቲቱን ቶሎ ቁጢጥ አድርጋ ታስገፋለች፤ በዚህ መንገድ ብዙ ነፍስ አትርፋለች። አሁን ግን ጡቦቹ አይታዩም፤ እንቁራሪት በእንቁራሪት ላይ ተደራርቦባቸዋል። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች፣ እንዳያማቸው እየሳሳች ወደ ቅርጫት ትለቅም ጀመር። አንደኛውን ጡብ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስትዞር የመጀመሪያው ተመልሶ ይሞላል።

ሌላ የሚይዛት ስለጠፋ ወንድ ይውጣ መባሉ ቀርቶ፣ ባልየው ሚስቱን ብብቷ ስር ገብቶ አንጠልጥሏታል።

"እማዬ፣ ልርገጣቸው!"

"እንዳትሞክሪው! ትንፋሹን ትነሳዋለች!"

"እየታነቀ ነው፣ ይታወቀኛል! እማዬ፣ በናትሽ!"

"ያዛት!" ብላ ጮኸች በአማቿ ላይ። "እግሯ እንዳይነካ!"

ልጅቷ ወደ ታች ስትገፋ ባሏ ወደ ላይ ይጎትታታል። የሕፃኑ ገላ እስከ አንገቱ ወጥቶ ራሱ ውስጥ ቀረ። አዋላጇ አሁንም ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። ዘበኛው በዚያ ሰዓት ቢገባ አንዲት የተጨፈለቀች አያገኝም ነበር።

ራሱ ሲወጣ ሕፃኑ ጠቁሯል። ወንድ ነበር። ገልብጣ መታችው፣ አፏን አፉ ላይ ገጥማ ነፋችበት፣ አምላኳን እየማለች እየተገዘተች ጠራቻት። አንዷ እንቁራሪት ዘላ ደረቱ ላይ ጉብ አለችና ጉሮሮዋን ነፋ፣ ሟሸሽ ታደርግ ጀመር። እሷ ትተነፍሳለች።

ያ ነገ የተባለው ጠዋት ደረሰ። እንቁራሪቶቹ ሁሉ ባሉበት ሞተው አደሩ። አዋላጇ ወደ ደጅ ብትወጣ መንደሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ይዝቃል፤ በየመንገዱ ክምር፣ በየክምሩ ዝንብ። ዘበኛውም አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ይዝቃል። አንዷ ሞታ አላለቀችም ነበርና እግሯን ስታወራጭ በአካፋው ጠርዝ መትቶ ለሁለት ከፈላት።

"ሕጉስ?" አለችው።

"የምን ሕግ እማማ? ግማቱ ሊጨርሰን እኮ ነው! አካፋ ካለዎት ያምጡና ያግዙን።"

ያኔ ገባት። ሕፃኑ በሕይወት እያለ፣ ሊወጣ እየታገለ፣ እሷ ይህን ጥራጊ ስትለቅም ነበር። ያነቀችው እሷ ናት። ወደ ቤት ተመለሰች።

ልጇ ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋለች። አዋላጇ እግሯ ስር ወደቀች።

"የኔ ዓለም፣ ማሪኝ። ልጄ፣ ማሪኝ!"

ልጇ ቁልቁል አላየቻትም፤ ዓይኗ ባሏ ላይ ነበር።

"ለአዋላጇ የድካሟን ስጣትና ትሂድ" አለችው።